ባለቤቴ ያልሮጠችበት ቅዳሜ

ወገኖቼ፣ ታሪኩን ከመጀመሬ በፊት ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ ለምን እስከ ዛሬ አፌን ይዤ እንደምደነቅ አይገባችሁም።

ኢዮብ እባላለሁ። አዳማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ በሌለሁበት የሚጠሩኝ ግን «ጋሽ ቬሪ» ብለው ነው። ስሙን ማን እንዳወጣልኝ ባላውቅም አልበደለኝም። ያኔ አድቨርብ፣ ማለትም ተውሳከ ግሥ፣ የሌለው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጨው እንደሌለው ወጥ ነበር የሚሆንብኝ። «ሰውየው ሮጠ» ብሎ የጻፈልኝን ልጅ፣ «እንዴት ሮጠ? በፍጥነት ነው? በድንጋጤ ነው? ጨምርበት እንጂ! ቃል በኪሎ አይገዛ!» እለዋለሁ። ልጁም «ኩዊክሊ» ይጨምራል። እኔ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ «ቬሪ» እጨምርበታለሁ። ተስማምተን እንለያያለን።

የሰፈሩ ሰውም አበላሽቶኛል። ለኤምባሲ፣ ለስኮላርሺፕ፣ ለውጭ ድርጅት የሚጻፍ ነገር ካለ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። «መምህር፣ አደራ፣ ጠንከር አድርጋት» ይሉኛል። እኛ አገር ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ ታውቁታላችሁ፤ «በታላቅ ትሕትናና በከፍተኛ አክብሮት» ሳይባል ወደ ጉዳዩ አይገባም። እኔም ያንን ሁሉ ትሕትና እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ እገለብጠዋለሁ። «ሀምብሊ»፣ «ካይንድሊ»፣ «ሪስፔክትፉሊ»፣ «ዴስፐሬትሊ» አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው እንደ ገበያ ቀን ሚኒባስ ትርፍ ጭነው ይሄዳሉ። አስጻፊው ምኑም ባይገባው «ወይ እንግሊዝኛ!» ብሎ መርቆኝ ይወጣል።

ባለቤቴ ለሊሴ የእኔ ተቃራኒ ናት። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። እኔ ገበያ ደርሼ ስመለስ ወሬው እራት እስኪቀርብ አያልቅልኝም፤ እሷ ሐዋሳ ድረስ ሄዳ መጥታ «ደህና ነው» ብላ ትቀመጣለች። ስንጋባ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች፣ «ጌታ አንዱን አፍ ለሁለት አካፍሎ፣ ድርሻዋንም ለሱ ሰጥቶታል» ብለው ስቀውብናል። ከሕፃናቱ ጋር ስትሆን ግን ሌላ ሰው ናት። ልጆቹን በመስመር የምታስኬደው ባቡር እያደረገቻቸው ነው። እሷ ከፊት ሞተር ትሆናለች፤ እነሱ ፉርጎ ናቸው፤ አንዱ የአንዱን ትከሻ ይዞ ይከተላታል። ለዚህም ራሷ ያወጣችው ዜማ አላት፤ «ባቡሬ ቀስ፣ ቀስ፤ አዳማ እስክንደርስ» እያለች ከክፍል ወደ ሜዳ፣ ከሜዳ ወደ ክፍል ትነዳቸዋለች።

አንድ ቅዳሜ የለሊሴ ትምህርት ቤት ሕፃናቱን ለሽርሽር ወደ ሶደሬ ወሰደ። አመሻሽ ላይ ስትመለስ የታችኛው ከንፈሯ አብጦ ደም ደርቆበታል።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት ደንግጬ።

«ነክሼው ነው።»

«ምን እየበላሽ?»

«እየበላሁ አይደለም» አለች። ጫማዋን እያወለቀች ቆየችና፣ «አንዷ ልጅ፣ ሶሊያና፣ ወደ ወንዙ ወርዳ ነበር። መለስኳት» ብላ ጋደም አለች። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔም የለሊሴን ጠባይ ስለማውቅ አልነዘነዝኳትም።

እሑድ ከጸሎት ስንወጣ የሰዉ አስተያየት አላማረኝም። አንዷ እህት ስልኳን ዘርግታ፣ «ወንድም ኢዮብ፣ ይቺ ለሊሴ አይደለችም እንዴ?» አለችኝ።

ቪዲዮ ነው። ከላይ፣ እንግዶች ከሚቀመጡበት በረንዳ ላይ የተቀረጸ። ታች አዋሽ ይታያል። ውሃው ዳር ቢጫ ኮፍያ ያደረገች የአራት ዓመት ሕፃን ብቻዋን ቆማለች። ከአጠገቧ ያለውን የዛፍ ቅርንጫፍ ጋርዶታል። ከዳገቱ ላይ የመምህር ጋውን የለበሰች ሴት ወደ ሕፃኗ ትወርዳለች። አትሮጥም። አትጮህም። አንድ እጇን ወደ ኋላዋ ዘርግታ፣ ጊዜ እንደተረፈው ሰው ዝግ እያለች ትሄዳለች። ደርሳ የልጅቷን እጅ ያዘችና ይዛት ተመለሰች። ቪዲዮውን የለጠፈው ሰው ከላዩ ላይ «የሰው ልጅ ወንዝ ዳር፣ መምህርቷ ሽርሽር ላይ» ብሎ ጽፎበታል።

ከሥሩ የተጻፈውን ስድብ ሁሉ አልደግምላችሁም። አንዱ ግን «ይቺ ልጅ ወልዳ የማታውቅ መሆን አለባት» ይላል። ወገኖቼ፣ እኛ ልጅ የለንም። ስንጠብቅ ዓመታት አልፈዋል። ስልኩን ለሴትየዋ መልሼ ዞር ስል ለሊሴ ከኋላዬ ቆማ ነበር፤ አንብባዋለች። ያን ቀን ልቤ ተሰበረ።

ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ አስቴር አስጠሯት። ክፍል ስላልነበረኝ አብሬያት ሄድኩ። ቢሮው ውስጥ የሶሊያና አባት ኢንጂነር ብሩክና እናቷ ቁጭ ብለዋል።

«መምህርት ለሊሴ፣ ለምንድነው ያልሮጥሽው?» አሉ ወይዘሮ አስቴር።

«አዞ ነበር» አለች ለሊሴ።

ኢንጂነሩ ከመቀመጫው ተነሳ። «አዞ? አዞ እያየሽ ነው እንደዛ የምትንሸራሸሪው? ውሸትሽን ከሆነ ውሸታም ነሽ፤ እውነትሽን ከሆነ ደግሞ አንቺ ሰው አይደለሽም!»

ለሊሴ ሰው ሲጮህባት አንደበቷ ይዘጋል። አባቷ ቤትም እንደዚያ ነበረች ይላሉ። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወለሉን ማየት ጀመረች። የልጅቷ እናት እያለቀሰች፣ «አንዴ እንኳ አልጮኽሽም እኮ! እኔ እዛ ብሆን ሶደሬን በኡኡታ አቀልጠው ነበር» አለቻት። ልብ በሉ፣ ይህ እኛ ዘንድ ቀላል ክስ አይደለም። አደጋ ሲመጣ እንጮሃለን፣ እንሮጣለን፣ ጎረቤት ይወጣል። የጮኸ ሰው ልብ ያለው ነው። ያልጮኸ፣ ያውም ሴት ሆና፣ «ምን ዓይነት አንጀት ነው ያላት?» ይባላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም በሆዴ እንደዚያው ነበር የምለው።

ውሳኔው እስከ ረቡዕ ከሥራ ታግዳ እንድትቆይ ሆነ። ረቡዕ የትምህርት ቤቱ ቦርድ ይሰበሰባል። ሰብሳቢዋ ውጭ አገር የሚኖሩ አዛውንት ፈረንጅ ናቸው፤ በኮምፒውተር ነው የሚገቡት፤ አማርኛ አያውቁም። ስለዚህ ለሊሴ የሆነውን በእንግሊዝኛ ጽፋ ታቀርባለች። ካላመኗት ትባረራለች። ኢንጂነሩ ደግሞ የመምህርነት ፈቃዷን እስካስነጥቅ ድረስ አልተኛም ብሏል። ለሊሴ ሕፃናት ከማስተማር በቀር የምትወደው ሥራ የላትም። ያንን ከቀሟት ምን ይተርፋታል?

ግን ደግሞ፣ ኧረ በጌታ፣ እንግሊዝኛ ነው እኮ የተባለው! «አይዞሽ የኔ እመቤት፣ ይሄንንማ ለኔ ተይው» አልኳት። ማታውኑ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። «ኢሚዲየትሊ»፣ «ብሬቭሊ»፣ «አብሶሉትሊ»፤ ያለኝን ሁሉ አወጣሁ፤ አንድም አላስቀረሁም። ስጨርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። በአማርኛ ቢሆን እንዲህ ይላል፤ «አደገኛውን አዞ በድንገት በተመለከትኩ ጊዜ፣ ወዲያውኑ፣ እጅግ በጣም በፍጥነትና ፍጹም በሆነ ጀግንነት ወደ ሕፃኗ በረርኩ…»

«በረርኩ?» አለች ለሊሴ።

«ዘይቤ ነው።»

«ይቺ ሴትዮ ማናት?»

«አንቺ ነሻ!»

«አላውቃትም» አለችና ሽንኩርት ወደ መክተፉ ተመለሰች። ትንሽ ቆይታ፣ «እኔ ቀስ ብዬ ነው የሄድኩት» አለች።

«ያቺን ቃል እንዳታነሺብኝ! ሊያስባርርሽ የመጣው እኮ ያ ቃል ነው!»

«አውቃለሁ። ግን ያደረግኩት እሱን ነው።»

«ታዲያ ለምን? ለምን ቀስ አልሽ? ንገሪኛ!» ድምፄ ከፍ ብሏል መሰለኝ፣ ቢላዋውን አስቀምጣ እጇን ታጠበች። ከዚያ፣ «ነገ ሶደሬ እንሂድ። ተናግሬ አይሆንልኝም። ላሳይህ» አለችኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ ሹፌር ጋሽ ከድር ወሰዱን። ጋሽ ከድር የወሎ ሰው ናቸው፤ አዳማ ከገቡ ቆይተዋል፤ ቅዳሜም ልጆቹን የወሰዱት እሳቸው ናቸው። መንገድ ላይ በመስታወቱ እያዩኝ፣ «መምህር፣ ወላሂ እኔም አይቼዋለሁ፤ ብናገር የሥራ ባልደረባዋ ስለሆንክ ነው አሉኝ» አሉ። «ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። እሷ እጇን ወደ ኋላ ስትዘረጋ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ዝም ያሰኘችኝ በምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።» ቪዲዮው ላይ ወደ ኋላ የተዘረጋችው እጅ ትዝ አለችኝ። ለካ ለሰው ነበር፤ አትሩጡ፣ አትጩሁ ለማለት።

ሶደሬ ፀጥ ብሏል። ጦጣዎቹ ብቻ ጣሪያ ለጣሪያ ይዘላሉ። ለሊሴ በረንዳውን አልፋ በዳገቱ ይዛኝ ወረደች። ጋሽ ከድር ዱላቸውን ይዘው ውሃውን ለማየት ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ቆሙ።

«ሶሊያና ብስኩቷን ጦጣ ነጥቋት እሱን ስትከተል ነው እዚህ የደረሰችው» አለች ለሊሴ። «እዚህ ጋ ቁም። ጀርባህን ለውሃው ስጥ። አሁን አንተ ሶሊያና ነህ። እኔ ከላይ እየሮጥኩ እመጣለሁ። አንተ እንዳትንቀሳቀስ።»

«እሺ» አልኩ። ትንሽ አፍሬያለሁ። ከረባት ያሰረ የእንግሊዝኛ መምህር ቢጫ ኮፍያ ያደረገች ሕፃን ሲሆን ማን አያፍርም!

ወደ ላይ ወጣች። ዞረች። ከዚያ «ሶሊ!» ብላ ጮኸችና ቁልቁል ወደኔ ሮጠች።

ወገኖቼ፣ ሚስቴ ናት። እንደምትሮጥ ነግራኛለች። እንዳትንቀሳቀስ ብላኛለች፤ እኔም እሺ ብያለሁ። እግሬ ግን ማንንም አልሰማም። ቁልቁል የሚመጣብኝን ሲያይ ራሱ ወደ ኋላ ሄደ። የነቃሁት ጫማዬ ውሃ ሲገባበት ነው።

ለሊሴ አጠገቤ ቆማ እያለከለከች ጫማዬን ታየዋለች። «አየህ?» አለች። «አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ነግሬሃለሁም። ሶሊ ደግሞ ሰው ሲሮጥ ካየች አባሮሽ ሊጫወት የመጣ ይመስላታል። ክፍል ውስጥም እንደዛ ናት። ፈጠን ብዬ ከሄድኩባት እየሳቀች ትሮጣለች። ቅዳሜ እኔን አይታ መሳቅ ጀምራ ነበር። ልትሮጥ ተዘጋጅታለች። የምትሮጥበት ደግሞ ውሃው ብቻ ነው።»

«አዞውስ?»

«እዛ፣ ቅርንጫፉ ሥር። ግማሹ ውሃ ውስጥ፣ ግማሹ አሸዋው ላይ።» እጇን ዘርግታ ያሳየችኝ ቦታ እኔ ከቆምኩበት የአንድ መኪና ያህል ቢርቅ ነው።

«አሁን ደግሞ ያደረግኩትን ላድርግ» አለች። ተመልሳ ወጣች።

አሁን የምነግራችሁን አደራ በጥሞና ስሙኝ። ለሊሴ መውረድ ጀመረች። ሰውነቷ ሁሉ ምንም እንዳልተፈጠረ ይናገራል። ትከሻዋ ወርዷል። አንድ እጇ ከኋላዋ ተዘርግቷል፤ ሌላው ወደኔ ተከፍቷል። አፏን ገጥማ ያቺን የባቡር ዜማ ታንጎራጉራለች። ዓይኗ ፈገግ ብሎ እኔን ብቻ ያያል። ከእግሯ ሥር ጠጠር እንኳ አልተንከባለለም። እኔ ለራሴ ማን እንደሆንኩ ጠፋኝ። ልቤ ረጋ። ሳላስበው እግሬ ወደ ፊት፣ ወደሷ ሄደ። እጄን ዘረጋሁ፤ ያዘችኝ። ያን ጊዜ ዓይኔ እንባ ሞላ። ይህችን ሴት ስንት ዓመት አብሬያት ኖሬ አላየኋትም ነበር።

«ያ አላህ!» አሉ ጋሽ ከድር ከድንጋዩ ላይ ዝቅ ባለ ድምፅ። «መምህር፣ ወዲያ ማዶ ይዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ይውጡ።»

ማዶ አሸዋው ላይ ስንመጣ ያየሁት ግንድ ነበር። ግንዱ አፉን ከፈተ። ቀስ ብለው ነበር የተባልኩት፤ እኔ ግን ሽቅብ በረርኩ! «በረርኩ» የሚለው ቃል ለዚያ ብቻ ልክ ነው። ከላይ ደርሼ ዞር ስል ለሊሴ ከታች በቀስታ እየወጣች ትስቃለች። ከቅዳሜ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

አረፍ ስንል የቀረውን ነገረችኝ። በሕይወቴ ከሷ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይህ ነው። «ሰው ቀስ ማለት ቀላል ይመስለዋል» አለች። «እግሬ ሩጪ፣ ሩጪ ይለኛል። ጉሮሮዬ ጩኺ፣ ጩኺ ይለኛል። እሷ ደግሞ ፊቴን እያየች ነው፤ ፊቴ ከደነገጠ ትደነግጣለች። አንድ ጊዜ አዞው ሲነቃነቅ አየሁት። ጩኸቱ እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ነከስኩ። ደም መሆኑን ያወቅኩት ስውጠው ነው። ጌታዬን እያንዳንዷን እርምጃ ለመንኩት፤ ይቺን ብቻ፣ ይቺን ብቻ እያልኩ።»

እግዚኦ! እኔ ያን ሁሉ ጀግንነት፣ ያን ሁሉ ወዲያውኑ ስከምር ያመሸሁት ይህንን ሸፍኜ ነው።

«በይ፣ አንቺው ጻፊው» ብዬ ስልኬን ሰጠኋት። ብዙም አልቆየችም። እንግሊዝኛዋ እንደሷው ነው፤ አጭርና ንጹሕ። «ሶሊያና ውሃው ዳር ቆማ ነበር። አጠገቧ አዞ ነበር። ሶሊያና ሰው ሲሮጥ ካየች እየሳቀች ትሮጣለች። ከኋላዋ ውሃው ነበር። ስለዚህ ቀስ ብዬ ሄድኩ። የምትወደውን ዜማ አንጎራጎርኩላት። እጄን ያዘች። ተመለስን።»

እጄ አላስችል ብሎኝ፣ «‹ቬሪ ስሎውሊ› ብንለውስ?» አልኳት።

«በጣም ቀስ ካልኩማ ሳልደርስባት እቀራለሁ» አለች።

ሳቅኩ፤ ከዚያ ግን ሳቄ ቆመ። ስንት ዓመት ያስተማርኩትን ነገር ያን ጊዜ ነው ያየሁት። «ሮጠ» ካልክ ፍጥነቱ ውስጡ አለ፤ «በፍጥነት» ብትጨምርበት አንባቢውን አንድ ነገር ሁለቴ ማጉረስ ነው። አዞ ወዳለበት ስትሄድ ግን «ሄድኩ» የሚለው ብቻውን አይበቃም፤ ሰው ሁሉ የሮጥክ ይመስለዋል። «ቀስ ብዬ» ሲገባ ሁሉ ነገር ይገለበጣል። ልጅቷን ያተረፈው ያ ቃል ነው። እኔ ብቻውን ሥራ የሚሠራውን ቃል ላባርር፣ ሥራ ፈቶቹን ልሰበስብ ነበር።

የረዳኋት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ስሎውሊ»ን መሐል አስገብታው ስለነበር ወደ መጨረሻ አመጣሁት፤ ከፊቱም አራት ነጥብ አደረግኩበት። ሄድኩ። ቀስ ብዬ። ቃሉ ብቻውን ይቆማል። ለሊሴ አነበበችውና፣ «አዎ፣ እንደዚህ ነበር» አለች።

ረቡዕ ቢሮው ጢም ብሏል። የሰብሳቢዋ ፊት ኮምፒውተሩ ላይ ይታያል፤ ኔትወርኩ አንዴ ያመጣቸዋል አንዴ ይወስዳቸዋል። ወይዘሮ አስቴር የለሊሴን ጽሑፍ በእንግሊዝኛ አነበቡት። ሲጨርሱ ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «እባክሽ ድገሚልኝ» አሉ። ተደገመ። የልጅቷ እናት መሀረቧን አፏ ላይ አድርጋ ለሊሴን ትኩር ብላ ታያታለች።

ኢንጂነር ብሩክ ግን ጠረጴዛውን መታ። «ይሄ ቃል ማሳመር ነው! ልጄን እኔ አላውቃትም? ልጄን ይዤ እሄዳለሁ፤ የቀረውን ፍርድ ቤት እንነጋገራለን!» ብሎ በሩን ወርውሮት ወጣ።

የቢሮው መስኮት ሜዳውን ያሳያል። የእረፍት ሰዓት ነው። ሕፃናቱ ይራወጣሉ። ሶሊያና ያቺን ቢጫ ኮፍያ አድርጋ ከበሩ አቅራቢያ ትጫወታለች። የውሃ ቦቴ ሊገባ ስለነበር ዘበኛው የግቢውን በር ወለል አድርጎ ከፍቶታል። ከበሩ ወዲያ ዋናው መንገድ ነው፤ ባጃጅ በባጃጅ ላይ ይከንፋል።

«ሶሊ! ነይ እዚህ!» ብሎ አባትየው በንዴት እየተጣደፈ ሜዳውን አቋርጦ ሄደባት። ሶሊያና አየችው። ፊቷ በራ። ሳቅ አለች። ጀርባዋን ሰጥታው ወደ ተከፈተው በር ሮጠች።

እናትየዋ እሪ ልትል ብድግ አለች። ለሊሴ እጇን ክንዷ ላይ አሳረፈችላት። ሴትየዋ ዝም አለች።

ኢንጂነሩ ሜዳው መሐል ላይ ቀጥ አለ። ጀርባውን ነበር የምናየው። ትከሻው ሲወርድ አየን። ሶሊያናም በሩ ላይ ደርሳ፣ ለምን እንደማይከተላት ገርሟት ዞር አለች። ከኋላዋ አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ።

«ምን እየሆነ ነው? አይታየኝም» አሉ ሰብሳቢዋ በእንግሊዝኛ። ሁሉም እኔን አየ፤ የእንግሊዝኛ መምህሩ እኔ ነኛ። አፌን ከፈትኩ። ስንት ቃል ነበረኝ መሰላችሁ! ያን ጊዜ አባትየው አንድ እግሩን አነሳ። እጁን ወደ ልጁ ከፈተ።

«ሂ ኢዝ ዎኪንግ» አልኩ። የአራት ነጥብ ያህል ቆየሁ። «ስሎውሊ።»

ሰብሳቢዋ ገብቷቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁላችንም ወደ መስኮቱ ተጠጋን። ሰውየው ሄደ፣ ሄደ፤ ልጅቷ እያየችው ቆመች፤ እጁን ያዘች። እዛው ተንበርክኮ አቀፋት። ዘበኛው በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው።

ሲመለስ ልጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ለሊሴን አያት፤ ከንፈሯ ላይ የደረቀውን ቁስልም አየ። ይቅርታ ሊል የፈለገ መሰለኝ፤ ቃሉ ግን አልመጣለትም። በመጨረሻ፣ «ያ ዜማ… እንዴት ነው የሚለው?» አላት።

ለሊሴ ሳትሆን ሶሊያና ናት የመለሰችለት። ከአባቷ ደረት ላይ ሆና «ባቡሬ ቀስ፣ ቀስ» ብላ ጀመረችለት። እናቷ ለሊሴ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እገዳው ተነሥቶ ለሊሴ በማግሥቱ ፉርጎዎቿን ይዛ ሜዳ ወጣች።

ወገኖቼ፣ የእንግሊዝኛ ትምህርቴን ከዚያ ወዲህ ሜዳ ላይ ነው የምጀምረው። አንዱን ተማሪ አቁሜ ሌላውን አስሮጥበታለሁ፤ ቀጥሎ ቀስ ብሎ እንዲሄድበት አደርጋለሁ። «አሁን ጻፉ» እላቸዋለሁ፤ «የትኛው ላይ ነው አድቨርብ የሚያስፈልገው?» መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ከዚያ ብዙዎቹ ያገኙታል። «ጋሽ ቬሪ» የሚለው ስም ግን አልለቀቀኝም፤ የወጣ ስም አይመለስም መሰለኝ። እናንተም ስትጽፉ፣ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ አንድ ቃል ከመጨመራችሁ በፊት ያ ቃል ባይኖር ምን እንደሚጠፋ ጠይቁልኝ። ምንም የማይጠፋ ከሆነ ተዉት። ሰው የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ዓለም ሁሉ ቢጮህባችሁ እንኳ እንዳታወጡት።

የለሊሴ ከንፈር ድኗል። ስትስቅ ብቻ የምትታይ ትንሽ ጠባሳ ቀርታበታለች። አንድ ቀን ያቺን ጠባሳ በእንግሊዝኛ ልጽፋት ተቀምጬ፣ «ባለቤቴ ሳቀች» ብዬ ጀመርኩ። እንዴት እንደሳቀች የሚናገር ቃል ፈልጌ አጣሁ። እንደዚያው ተውኳት።